ካፖርት ለበርሜሉ

ዝናብ ነው ሊትሪም ላይ። ማላኪ ከጓሮ
የናፍጣውን ታንከር በዘንግ ለካና፣ ገባ አቀርቅሮ፤
አራት ጣት ቀርቶታል፣ ጥር እንኳ ሳይጋመስ፤
ቦይለሩ ያጓራል፣
ለአንዲት ሳህን ብሎ ነዳጅ ሲያግበሰብስ።

የሚነድበትን ቆረጠ፦ ንጋት ላይ ግማሽ ሰዓት።
ቁም ሳጥኑ ውስጥ ግን
የሙቅ ውሃው በርሜል እርቃኑን ቆሞ ሌሊት፣
ለግንብ ይመጸውታል ገንዘብ የፈሰሰበት ሙቀት።

ብርድ ልብስ አጠረው። ዞር አለ፣ ቆየና
ከቀብሯ ወዲህ ያልነካውን
የብሮናን ካፖርት ከመስቀያው አወረደና
አለበሰው፤ ቆለፈው፤
አንዲት ቁልፍ ብትጎድል በሲባጎ አሰረው።

ናፍጣው መጋቢትን አለፈ።
በደብተሩ ላይ የተረፈውን ሊትር ጻፈ።
ያልጻፈው፦
ማታ ማታ የሳጥኑን በር ከፍቶ፣
እጁን ከኪሷ ከቶ፣
ምን ያህል እንደሚቆም።