ስንት ሎሚ

ካርዱን ከመሳቢያ አውጥቼ አየሁት፣
ቅቤ የጠገበ፣ ዳር ዳሩን ዱቄት ያለበት።
የንጋይሬ ጽሑፍ፣ ዘመም ያለ ፊደል፣
የቸኮለ ሰው እጅ፣ ነጥብ የሚጥል።
«ዱቄት፦ ሁለት ኩባያ። ቅቤ፦ ቀዝቃዛ።
ስኳር፦ ግማሽ ኩባያ፣ ከዚያ እንዳይበዛ።»
እዚህ ድረስ ደኅና። ከዚያ በታች ግን
አንዲት ጠብታ ወድቃ፣ ማን ያውቃል በየትኛው ዘመን፣
በልታዋለች ቁጥሩን።
«የሎሚ ጭማቂ» ይላል የተረፈው፤
ስንት ሎሚ እንደሆነ ሎሚው ራሱ አጠፋው።

እኔ የማውቀው ትራክተር፤ ብሎን ስፈታ አረጀሁ፣
በዚህ ወጥ ቤት አርባ ዓመት ሻይ ብቻ ነው ያፈላሁ።
ነገ ግን ቅዳሜ ነው፣ የእሳት አጥፊዎቹ ባዛር፤
አዲስ ቱቦ ሊገዙ በአዳራሹ ደጅ ጠረጴዛ ሲደረደር
ጥጉን የሚይዘው የእሷ ትሪ ነው፣ የእሷ ትሪ፣
ሐምሌ በመጣ ቁጥር በኬሪኬሪ።

ዘንድሮ በመጋቢት ቀኝ ጎኗ ዝም አለ፣
ቃሏም ከአፏ ኮበለለ።
መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች፣ ብርድ ልብስ በጉልበቷ፣
ማንኪያ ጨብጣ በግራ እጇ፤ እሱ ነው አሁን አንደበቷ።
አንዴ ጠረጴዛውን ስትመታ፦ ልክ ነው፣ ቀጥል።
ሁለቴ፦ አይደለም።
ሦስቴ፦ አንተ ጅል።

ቅቤና ዱቄቱን እንደ ሊጥ ላሸው ስል
ሁለቴ ቀጭ አለች። ገባኝ፤ ማሸት አይደል።
በጣት ጫፍ ብቻ ነው፣ እጅ ሳይሞቅ፣ ሳይቆይ፣
እርጥብ አሸዋ እስኪመስል በዓይን ሲታይ።
ትሪው ላይ በትኜ በኩባያ ቂጥ ጠቀጠቅኩት፣
ዳሩ ገለባ እስኪመስል ምድጃ ውስጥ አቆየሁት።
የመጀመሪያው ከሰለ። ለዶሮዎቹ ሰጠሁ።
(ሦስት ምት በማንኪያ፤ ስድቤንም አላጣሁ።)

ሁለተኛው ሲወጣ ቤቱ ቅቤ ቅቤ ሸተተ።
«አሁን ሎሚው፣ ንጋይሬ። ቁጥሩ ጠፍቷል። ስንት?»
አምስት ጣቷን ዘረጋች።
«እሺ፣ ከሱቅ ላምጣ?» ሁለቴ ቀጭ። በመስኮቱ
ወደ ውጭ አየች፣ ከአጥሩ ማዶ፣ ከሽቦና ከቆርቆሮው፣
በዩሪች ደጅ ጎንበስ ብሎ ቢጫ ወደተሸከመው።

ከዩሪች ጋር አንነጋገርም። አሥራ አንድ ዓመት ሞላን።
በአንድ ክንድ መሬት፤ አጥሩ ወዲህ ነው፣ ወዲያ ነው ተባባልን፤
ቀያሽ መጣ፣ ጠበቃ መጣ፤ ክንዷ ግን እዚያው ናት፣
ሣር በቅሎባታል፤ እሱም አያጭዳት፣ እኔም አላጭዳት።

ሳህን ይዤ ሄድኩ። ሳላንኳኳ ከፈተ። እኔን አላየም፣ ሳህኑን እንጂ።
«ስንት አለችህ?»
«አምስት።»
«ሰባት ነው የምትወስደው፤ ሁለቱ ለሻይ ይበጃሉ።
አንተ ጋራዥ ስትገባ፣ እሷ ስትመጣ፣ ቅርንጫፎቹም ዝቅ ይላሉ።
ክፍያውም የታወቀ ነው፦ አንድ ቁራጭ፣ ከማዕዘን፣
ብስኩቱ የወፈረበት። ዘንድሮም አይቅርብን።»

አሥራ አንድ ዓመት! ትሪው አንድ ማዕዘን ሲጎድለው
«ለቅምሻ ነው» ትለኝ ነበር። የቀመሰው ይኸው ነው።

ልጣጩን ፈገፈግኩ፣ የጣቴንም ቆዳ አብሬ፤
አራት እንቁላል፣ ስኳር፣ ሁለት ማንኪያ ዱቄት ጨምሬ
ከአምስቱ ጭማቂ ጋር መታሁት፤
ብስኩቱ ሳይበርድ ከላዩ አፈሰስኩት፣
ቢጫ ኩሬ ሆኖ ምድጃ መለስኩት።
ዳሩ ጸንቶ፣ መሐሉ ትንሽ ሲርገበገብ ሳይ፦
ላውጣው? አንዴ ቀጭ። ልቁረጠው? ሁለቴ። ቆይ።

የሚበርድ ነገር መጠበቅን ከሞተርም አውቀዋለሁ፤
የራዲያተር ክዳን ቸኩዬ ከፍቼ እጄን ተቃጥያለሁ።

ሲመሽ ቆረጥኩት፣ ቢላውን በየምቱ እየጠረግኩ፤
አንዱን ማዕዘን ለዚያ ሰውዬ በወረቀት ጠቀለልኩ።
ሌላውን ለእሷ፣ በጣቴ።

መጀመሪያ ምንም። ከዚያ ኮምጣጣው ደረሰ፤
ግራ ዓይኗ ተጨፈነ፣ ግራ ጉንጯ ተኮማተረ፤
ቀኙም።
ከመጋቢት ወዲህ ያልተነቃነቀው ቀኙም
ለአንዲት ቅጽበት ተጨማደደ።
ወይም መሰለኝ። የወጥ ቤቱ አምፖል ደካማ ነው።

«ሎሚው በዛ እንዴ?» አልኳት።
ማንኪያውን አነሳች።
ሦስቴ።