ምድር ቤት ሦስት

ከለገሃር ከፍ ብሎ፣ ከሕንፃው ሆድ ሦስቴ ወርጄ፣
ክረምት ያነቀውን ፓምፕ ልፈታ፣ መፍቻዬን ይዤ፣
ሽማግሌው ዘበኛ ቆሟል፣ ጆሮውን ቱቦ ላይ ለጥፎ፣
ዓይኑን ከድኖ፣ ትንፋሹን አሳርፎ።

ከላይ የባቡሩ ንዝረት፣ «ሜክሲኮ! ሳርቤት!» የሚል ረዳት፣
ከታች ቁርጭምጭሚት የደረሰ ውኃ፣ ናፍጣ የሚሸት።
«ዝም» አለኝ በጣቱ። ቆይቶም፣ «ሞተሩን አትንካው፣ ይቅር፤
ኩሽኔታው ነው፤ የግራው።»
ፈታሁት። የግራው ነበር።

«የት ተማርከው ጋሼ?»
«ከውኃ በታች።» ሳቀ፤ ሁለት ጥርስ ብቻ አበራ።

ባሕር ኃይል ነበር መንክር፣ አገር ባሕር በነበራት፤
ከጥላዬ ጋር ከምፅዋ ተመርጦ፣ ተልኮ ለትምህርት፣
በሰው አገር ሰርጓጅ መርከብ፣ በብረት ሆድ ውስጥ ተኝቶ፣
ቀኑ ከሌሊቱ በደወል ብቻ ተለይቶ።
ዳቦው ናፍጣ፣ ሻዩ ናፍጣ፤ አልጋው የሌላ ሰው ሙቀት፣
አንዱ ሲነሣ አንዱ ይተኛል፣ አንድ ፍራሽ ለሁለት።
ጀንበር ስትጠልቅ ያየ ሰው፣ እዚያ እሱ ጠለቀ፤
ጀንበር ቀረች።

«አንድ ቀን ግን» (ይህን ሲለኝ ወገቡ ቀና)
«መምህሮቹ ያልሰሟትን መርከብ ከሩቅ ለየኋት፤
‹ሦስት ክንፍ አለው ፕሮፔለሯ፣ የአንዱ ጫፍ ተሸርፏል› አልኩ፤
ሳቁብኝ በኅብረት።
ወጥተን አየናት። እንዳልኩት!
ያን ማታ አዛዡ ራሱ ሾርባ ቀዳልኝ፤
ጥላዬ ሁለት ሰሃን ጠጣበት።»

«ጥላዬስ?»
ፓምፑ ተነሣ። ውኃው በመሐላችን አጓራ።

«ቧንቧ ፈነዳ በአራተኛው ክፍል። ሕጉ አጭር ነው፦
በሩን ዝጋ። ማን ቀረ አትበል፤ ዝጋው።
ዘጋሁት። በዚህ እጄ ነው።
አንኳኳ። ሦስት። ቆየ።
ሁለት። ቆየ።
ያን የማደምጠው እኔ ነኝ፤ ጆሮዬ ነበር የተመሰገነው።
ወጣን። ሠላሳ ሰባት ሰው ፀሐይ አየ።

ካዛንቺስ፣ ዛሬ በፈረሰው ሰፈር፣ እናቱ ዘንድ ሄድኩ ለመርዶ፤
ጆሮዋ ደካማ ነው፤ ምላሴም ከብዶ፣
‹ሰርጓጅ…› ብዬ ስጀምር፣ ሰርግ ሰምታ እልል አለች።
ጎረቤት ሁሉ ወጣ። አላረምኳትም።
እልልታው መሐል ፊቴን አየች።»

ባሕሩ ከአገሩ ሄደ፤ ነጩን የደንብ ልብስ አይጥ በላው፤
ሐምሌ በመጣ ቁጥር ግን ሦስት ፎቅ ወርዶ
ይጠይቀዋል ውኃው።

ሒሳቤን ተቀብዬ፣ የፓምፑን ክፍል የብረት በር
ልገፋ ስል፣ «ተወው» አለኝ።
«ክፍቱን ይደር።»