ለአዛናው፣ ስለ ሰርዶው

ቁልፉን ተቀበለኝ፤ ትልቁ የበር ነው፣
ትንሹ የሣጥን፣ ማጭዱን የያዘው።
ጉልበቴ እንቢ አለ፤ መንበርከክ አቃተኝ፤
ብዙ ሰው አየሁኝ፣ ሣር የሚያይ አጣሁኝ።
ጎንደሬ ቀና ብሎ ግንቡን ነው የሚያየው፣
እንግዳም ካሜራውን ወደ ላይ ነው የሚያዞረው፤
ግንቡ የቆመበትን፣ ያጎነበሰ ነው የሚያውቀው።

ሳሙና በር በላይ ይህ ግቢ ሲገዛ
ድንጋይና ጋሬጣ፣ አንድ ያረጀ ዋንዛ።
እትዬ ጥሩወርቅ ጃንጥላ ዘርግተው
«ሙሽራ ፎቶ የሚነሣበት መስክ አርገው»
አሉና ሄዱ። ድንጋዩ ግን አልሄደም፤
አንድ በጋ ሙሉ ከዶማዬ አልታረቀም።

አፈሩ ዋልካ ነው፤ በበጋ ይሰነጠቃል፣
ክረምት ሲመጣበት ጫማህን ይውጣል።
የመገጭን አሸዋ በጋሪ አመጣሁኝ፣
ሁለት ዓመት የከረመ ፍግ ለምኜ አገኘሁኝ።
ትኩሱን አትንካው፤ አንዴ ተቻኩዬ
አለቀስኩ ያንን ጥግ በገዛ እጄ ገድዬ።

ዘር የገዛሁ አይምሰልህ፤ ሰርዶ ነው፣ የቀሐ ዳር ሰርዶ፣
ከገበሬው ማሳ እንደ ሌባ ተሳዶ
የኖረ። ሥሩን በጣት ልክ ቆራርጬ፣
በሰኔ ሚካኤል ማግሥት ጭቃ ላይ ተቀምጬ
ቀበርኩት። ሰው ሳቀ፦ «አረም ይተከላል ወይ?»
ዝናቡ ይመልስ ብዬ፣ ቀና ሳልል ወደ ላይ።
ሁለት ወር ማንም አይርገጠው፤ ውሻም፣ እትዬም፤
ጣውላ ዘርግቼ ነው የተራመድኩት እኔም።

ስታጭድ ደግሞ ስማኝ፤ አትስገብገብበት፤
ከሦስት እጅ አንዱን ነው የምትወስድበት።
ሁለቱን ተውለት፤ ቅጠሉ ነው ማጀቱ፤
ባዶ ካደረግህበት ይደርቃል አንጀቱ።
ማጭዱን ሞርደህ ያዝ፤ የዶለዶመ ስለት
አይቆርጥም፣ ይቦጭቃል፤ ጫፉ ይነጣል በማግሥት።
የታጨደውን እዚያው በትነው፤ ስንቁ ነው።
ሙጃ ካየህ ግን አትዘን፤ ከነሥሩ ንቀለው።

ሙሽሮች በታኮ ሲወጉት አትቆጣ፤
በዚያች ቀዳዳ ነው አየር የሚመጣ።
ብረት ይዤ ስበሳው ወገቤ ነበር የከፈለ፤
አሁን ከፍሎ የሚበሳ ስንት ታኮ አለ!

ውሃ ያው በፈረቃ፤ ሲመጣም ሌሊት ነው፤
ቧንቧው ሲያስነጥስ ትሰማለህ፣ ተነሥተህ ጠብቀው።
በየዕለቱ አትርጨው፤ አንዴ አጥግበህ ተወው፤
ወደ ታች የሚወርድ ሥር፣ የጠማው ሥር ነው።
መጋቢት ላይ ግን፣ አጥሩን ተሻግረህ ስታይ
ቢጫ ጀሪካን ተሰልፎ ከአስፋልቱ ላይ፣
ቧንቧውን ዝጋ። ይድረቅ። እትዬ ይቆጡ።
እኔም ተቆጥተውኛል፤ እስኪበርድላቸው ይቀመጡ።
ሰርዶ ቢጫ ለብሶ ይተኛል እንጂ አይሞትም፤
የጎረቤት ዓይን ግን አንዴ ከደረቀ አይለመልምም።

«እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» ብላለች አህያ፤
ሰው ሁሉ ይደግመዋል፣ ከቀበሌ እስከ ገበያ።
ሰርዶ ሳሳድግ የኖርኩ ሰው፣ እኔ ምን ልበል?
ብሄድም፣ ብሞትም፣ አዛናው፣ ይብቀል።

አንድ ነገር ቀረኝ። ከዋንዛው ሥር ያለው
ራሰ በራ መሬት፣ ስድስት ጊዜ ተከልኩት፤ እንቢ ያለ ነው።
በአሸዋም፣ በፍግም፣ በልመናም ሞከርኩት።
ጥላ ነው፤ አትታገለው። አግዳሚ አኑርበት፣
ቅዳሜ ቅዳሜ መጥቼ ልቀመጥበት።
ያኔም ቀና አልልም፤ ግንቡን ሌላ ይየው፤
አንተ አዲስ ስትተክል፣ እግርህን ነው የማየው፦
ጣውላው ላይ መሆኑን።