ከመቃኑ ላይ

በየመስከረሙ፣ ጀርባቸውን ሰጥተው፣
ከበሩ መቃን ሥር ሁለቱም ተጠግተው፣
በከሰል ጫር አርጌ ቁመት ስለካቸው፣
አንድ ጣት አይሆንም የሚለያያቸው።

በአንድ ሌሊት መጡ፣ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ አድሮ፤
ይታያል ቀደመ፤ ይበልጣል ዘገየ፣ እትብቱ አንገቱ ላይ ዞሮ።
ስሙን ያወጣው አባቱ ነው፤ ምን አይቶ እንደሆን አልነገረኝም፤
ይበልጣል አለው። ማንን? በምን? እኔም አልጠየቅሁትም።

የጨርቃ ጨርቅ ሰው ነኝ፣ ሌሊት ተረኛ፣ ከማሽን ሥር፤
አውቃለሁ፣ ከአንድ እስር ጥጥ የወጣ ማግና ድር፣
አንዱ ቀጥ ብሎ ሲሮጥ፣ ሌላው ሲበጠስ፣ ሲቋጠር።

በአሥራ አራት ዓመታቸው፣
ይታያል የኪራዩን ቀን ያስታውሰኛል፤
የመብራት ከፍሎ፣ መልሱን ቆጥሮ ይሰጠኛል፤
«እማዬ፣ በዚህ አትምጪ፣ ጨለማ ነው» ይለኛል።
ይበልጣል?
ይበልጣል ከፋሲሎ እስከ ሽምብጥ፣ ባጃጅ ኋላ ተንጠልጥሎ፣
ደብተሩን የትም ጥሎ።
«ምን ሆነህ ነው?» ስለው፣ «እኔ እንጃ።» እውነቱን ነው፣ አያውቀውም፤
እግሩ ቀድሞት ይሄዳል፤ ሐሳቡ ቢሮጥ አይደርስበትም።

በጥር፣ አንድ እሁድ፣
እምቦጩ ተገፍቶ ውሃው ገለጥ ካለበት፣
ልጆች ሃምሳ ብር አሲዘው «እስከዚያች ታንኳ» አሉት፤
ጉማሬ የሚወጣባት፣ ዓሣ አጥማጅ ሁሉ የሚፈራት ሰዓት።
ዘለለ።
ይታያል ልብሱን ታቅፎ፣ ዳር ላይ ቆሞ፣ ጠራው ደጋግሞ፤
ድምፁ ጎርንኖ ሳይጨርስ፣ መሃል ላይ ተሰብሮ፣ ቀጥኖ፣ ደግሞ።
ደንገል የጫኑ ሽማግሌ ጎትተው አመጡልኝ።
አንዱን መታሁት። ሌላውን «አንተ ብቻ ሰው ሆንክልኝ» አልኩት፤
እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ
ዱላው አይደለም፤ ይኼ ነው።

የባዮሎጂ መምህራቸው ጥሩዓለም አስጠራችኝ፤
ጠመኔ በነካው ጣቷ ማጅራቷን ይዛ አሳየችኝ፦
«አንጎል መብሰል የሚጀምረው ከዚህ ነው፣ ከኋላ፤
ግንባር ጋ የሚደርሰው ከሁሉ በኋላ።
ፍሬኑ እዚያ ነው። የአንዱ ቶሎ ይገጠማል፣ የሌላው ይዘገያል፤
ሃያ ዓመት አልፎትም ገና የሚገጥም አለ። ቀኑን ማን ያውቃል?»
«መንታ ናቸው እኮ» አልኳት። «ይሁኑ» አለች፣ ሳቀች፤
«እኔና እህቴም...» ብላ ጀምራ ተወች።

ከተራዬ ስመለስ፣ በዘንባባዎቹ ሥር፣ ገና ሳይነጋ፣
ሁለቱም ተኝተዋል፣ ራስና እግር ሆነው፣ ባንድ አልጋ።
የይበልጣልን ግንባር ነካሁ፦ ላብ አለው፣ ይሞቃል፤
ከውስጥ ሌሊት ተረኛ አለ፤ ማሽኑ መች ይቆማል?
የይታያልን ነካሁ፦ ተጨማዷል፤ በእንቅልፉም ያሰላል፤
የኪራዩን፣ የመብራቱን፣ የወንድሙን።
ፈጥኖ የደረሰ ልጅም፣ ለካ፣ ፈጥኖ ይደክማል።

ዘንድሮም መስከረም ጠባ። ከሰሉን ይዤ በሩ ጋ ቆምኩ።
«ኑ» አልኳቸው። ጀርባቸውን ሰጡ። ጫር፣ ጫር አደረግኩ።
አንድ ጣት አይሆንም።
እጄን ከግንባራቸው ሳላነሳ ትንሽ ቆየሁ፤
ለዚህኛው መቃን የለኝም።
«እማዬ፣ ማን ይበልጣል?» አለ ይበልጣል፣ እየሳቀ።
«ይታያል» አልኩት።
ይታያል ዞረ፦ «አቤት?»