ከሽምብራ የማትበልጥ

ግንቦት ነው። ታና ከዳሩ ሸሽቷል፤
ዘንዘልማ ላይ መሬቱ እንደ ደረቀ ቆዳ ተሰንጥቋል።
በባጃጅ መጣሁ፣ በጉልበቴ መሀል ይዤ
ገንቦ የሚያህል ዕቃ፣
ናይትሮጅን የሞላው፣ ክዳኑ ሲነቃ
ጉም የሚተፋ። ልጆቹ «ጭስ! ጭስ!» እያሉ ይሸሻሉ፤
ብርድ ነው ስላቸው አያምኑም፣ ይስቃሉ።

እትዬ አንጓች በረቱ ደጅ ቆመዋል።
«ዳለቻ መሲና ሆነች፤ ዓመት ሊሞላት ነው፣ ኮርማ አትፈልግም፤
የሥጋ ቤቱ ሰውዬ ዋጋ ጠይቆኛል፣
እጄም አጥሯል፣ ከእንግዲህ አልቀልባትም።»

መሲና።
ያችን ቃል አውቃታለሁ፤ ደጄ ላይ ያደረች ናት፣
አማቴ፣ ጎረቤት በሚሰማው ሹክሹክታ ያለቻት።

ላሚቱን ዳበስኳት፤ የጎን አጥንቷ ይቆጠራል፤
ጥጃው ቀንዱ አቆጥቁጦ ዛሬም ይጠባል።
«እትዬ፣ ማህፀኗ አልበደለም፤
ነገሩ ከላይ ነው» አልኳቸው። ወደ ሰማይ አዩ።
«እሱንም ማለቴ አይደለም።»
መዳፌን በቀንዶቿ መሀል አኖርኩ። «እዚህ ነው።

ከአንጎሏ ሥር፣ በቀጭን ክር የተንጠለጠለች
ባቄላ የምታህል ዕጢ አለች።
አንጎል ከላይ ጠብታ ይልክላታል፣
ይልክና ዝም ይላል፣ ይልክና ዝም ይላል።
ታንኳ ሲቀዘፍ አይተው የለ?
መቅዘፊያው ጠልቆ ካልወጣ፣ ወጥቶ ካልጠለቀ፣
ውኃ ውስጥ እንደተነከረ ከቀረ፣ መንገዱ አለቀ።
እሷም እንዲሁ ናት፤ ጠብታው ብቻ አይደለም ቋንቋዋ፣
በመሀል ያለው ዝምታም ነው የሚገባት።
ስትሰማ ለእንቁላል ቤት ትነግራለች፤
ያኔ ነው ላም አጥር የምትገፋው፣ እምቧ የምትለው።

አሁን ግን አንጎሏ ሂሳብ ላይ ነው።
ጭዱ ስንት ቀረ? ስቧ ስንት ነው? ጡቷ ላይ ያለው ማነው?
ጥጃው በሳበ ቁጥር ቀዘፋው ይሳሳል።
ክፋት አይደለም፤
የራበው ቤት እንግዳ አይጠራም።»

እትዬ አንጓች ጥቂት ዝም አሉ።
«እንግዲያ ከኔ ትሻላለች በይኛ፤
እኔ ሰባቱን ስወልድ ማን ሂሳብ ሠራልኝ?»

ጥጃውን ለዩ አልኩ፣ ፋጉሎ ይጨመርላት፤
የሥጋ ቤቱን ሰው አንድ ወር ያቆዩት።

ያልነገርኳቸው ይህን ነው።
ባለፈው መስከረም፣ ሰው በረት ቆሜ፣ ሸሚዜ ረጠበ።
ወተት።
ልጅ የለኝም።

ሐኪሙ ፊልሙን መስኮቱ ላይ ለጠፈ፤
የአንጎሌን ጓዳ ታና ከኋላው አበራው።
«ይህች ሽምብራ» አለኝ በእስክሪብቶው ጫፍ፤
«እላይዋ ያለችው ምስር ደግሞ እብጠት ናት፣ አትፍሪ፣
የአራስ ሆርሞን ታፈሳለች ሳታቋርጥ።»
አንጎሌ የሚጠባ አለ ብሎ አምኗል፤
ለሌለው ልጅ እያጋተ
በሚመጣው ላይ በሩን ዘግቷል።

ስወጣ በሐይቁ ዳር ሄድኩ። እምቦጩ ታንኳዎቹን ከቧል።
እሱ ማንን ያስፈቅዳል?
አንጎል የለው፣ ሂሳብ የለው፣ ከሥሩ ሥር ይወልዳል።
ቀናሁበት።
መረቡን ባዶውን የሚያጥፍ አጥማጅ ሳይ ግን አፈርኩ።

ግማሽ ክኒን፣ ሰኞና ሐሙስ።
አማቴ ጠየቀችኝ። «የራስ መድኃኒት ነው» አልኳት፤
ሐሰትም የለበት።

የሰኔ ሚካኤል ማግስት፣ ገና ሳይነጋ ስልኬ ጮኸ፤
«ዳለቻ አላስተኛችንም! አጥሩን ልትጥለው ነው፣ ነይ!»
ዝናቡ ባጃጁን ይወቅራል፤
እኔን ከእምብርቴ በታች የሆነ ነገር ይቆነጥጠኛል፣
ስሙን የረሳሁት የድሮ ቁርጠት።

ከበረቱ ኋላ ዞሬ አየሁ።
ደም። ከአሥራ አራት ወር በኋላ
ተራ፣ ቀይ፣ የማንም ሴት የወር ጣጣ።
ብቻዬን ሳቅሁ።

«ምን አገኘሽ?» አሉኝ እትዬ አንጓች።
«ምንም» አልኩ፣ ጓንቴን እስከ ትከሻዬ እየሳብኩ፤
«የሥጋ ቤቱን ሰውዬ ቁጥር ያጥፉት።»

ዳለቻ እግሯን ከፍታ
ጸጥ ብላ ቆመችልኝ።