የኖራ ጭነት

ሮክላንድ፣ ሜይን ዳርቻ፣ ድንጋይ በሚነድበት፣
ጭሱ እንጂ ሰማዩ በማይታይበት፣
ኖራ የሚጭኑት ያረጁትን ነበር፤
አዲስ ጀልባ ወስዶ ማን ከእሳት ጋር ያስር?

ኬዚያ ትባላለች፤ ሁለት ምሰሶ አላት፣
ከሸራዋ መሃል ያልተጣፈ የላት።
ሺህ በርሜል ጫንንባት ለኒውዮርክ ግድግዳ፣
ሆዷ ከብዶ ወጣች፣
ጎንበስ ቀና እያለች፣ እንደ ባለዕዳ።

ካፒቴን ሕልቃና አፍንጫውን ያምናል፣
ከኮምፓስ ይበልጥ ሽታ ይነግረዋል።
እኔ አሥራ አራት ዓመቴ፣ ባቄላ ቀቃይ፣
ከሰው ሁሉ በታች፣ ከድመቷ በላይ።

በሁለተኛው ሌሊት ባሕሩ ተነሣ።
አንዲቱን ስንጥቅ መድፈን ማን እንደረሳ
እስከ ዛሬ ድረስ አልተጠየቅሁም።

ሕልቃና ከእንቅልፉ አሽትቶ ተነሣ፤
እንደ ሕፃን ግንባር ወለሉን ዳሰሰ፣
«ሞቃለች» አለና ፊቱን በእጁ አበሰ።

ቤት ሲቃጠል ሰው ሁሉ «ውሃ!» ብሎ ይጮኻል፤
የኛ እሳት ግን ጠጥቶ፣ ውሃ ጠጥቶ ይነዳል።
ትንፋሽ መንፈግ ነበር የቀረን መድኃኒት፤
በዚያው በገዳዩ ምርግ አቦካን ሌሊት።
በሩን መረግነው፣ የጭስ ማውጫውን፣
መስኮቱን፣ ስንጥቁን፣ የአይጥ መግቢያውን።
ጣቴ ተልጦ ነበር፤
ያንንም መረግሁት።

ወደብ ስንጠጋ ደወል ተደወለ፤
«ራቁ! እዚያው ቁሙ!»
የማያውቀን አለ፣ የሚያውቀንም አለ።
ከደሴቲቱ ሥር መልሕቅ ጥለን ቆየን፣
ታማሚ እንደሚጠብቅ ሰው፣
ድምፃችንን ቀንሰን፣ ወለሉን ስንዳስሰው፣
አሥራ ዘጠኝ ጀምበር። ባቄላው አለቀ።
ሕልቃና ጢም ላይ ያለው ነጭ
የኖራው ይሁን የዕድሜው፣ ማን አወቀ?

በሃያኛው ንጋት ወለሉ ጠቆረ።
መጥረቢያውን ይዞ በታንኳ ዞረ፣
ማንንም ሳያዝ ጎኗን ሰረሰረ።
ጠብታ ላሳመማት ባሕር አጠጣናት።
ፈላች። አቃሰተች።
ድመቷ ታንኳው ውስጥ ጀርባዋን ሰጠቻት።

የወደቡ ጸሐፊ መዝገቡን ዘረጋ፦
«ምን ጭና ነበረ?»
«ኖራ» አለ ሕልቃና።
«ምን ገደላት ታዲያ?»
«ኖራ» አለ እንደገና፤
በሁለተኛው ላይ ድምፁ ትንሽ ላላ፣
አርባ ዓመት የኖረች ጀልባ እንደነበረች
ማን ይነግርለታል ከዚች ቃል በሌላ?
ጸሐፊው ሁለቱን ባንድ ፊደል ጻፈው።

ኋላ ኒውዮርክ ሄድሁ። ሸምግዬ ነበር።
በአንድ ጠባብ ደረጃ፣ ሰው ወጥቶ ሲወርድ፣
ቆሜ ግድግዳውን በመዳፌ ነካሁት፣
የሚያዩኝ ሲስቁ፣ ጥቂት አቆየሁት።
ቀዝቃዛ ነው።