ደረስክ?

ስልኬ መላጊያው አጠገብ ሲንቀጠቀጥ ሳይ፣
እንደ ተገለበጠ ጢንዚዛ፣ ሰጋቱራው ላይ፣
ሳላነሳው አውቃለሁ፤ ፈይሩዛ ናት።
ስድስተኛ ጥሪዋ ነው፤ ገና አራት ሰዓት።
«ደረስክ?»
ከቆጪ መርካቶ፣ የባጃጅ መንገድ፣
ሰው እንዴት ይጠፋል
ከቀበሌ ቀበሌ ሲሄድ?
አልመልስላትም። መጥረቢያዬን አነሳለሁ፤
የበርጩማውን ሦስተኛ እግር ከግንዱ እጠርባለሁ።

ሰባት ዓመቷ ነበር። መናኸሪያው በር ላይ
እናቷ ብስኩት ገዝታ መዳፏ ውስጥ አኖረች፤
«መጣሁ፣ አሁን መጣሁ» ብላ
ጅዳ ቀረች።
ልጅቷ አልበላችውም፤ ስትመጣ ሊካፈሉት።
ጉንዳን ጀመረው እንጂ እነሱስ አልቀመሱት።

እኔ ደግሞ ያደግኩት አጋሮ፣ አጎቴ ቤት ነው።
ማንም አልመታኝም፤ ይሄንን ልመስክር።
ሌሊት ሳለቅስ ግን የሚሰማኝ ቆርቆሮው ብቻ ነበር፤
እሱም ዝናብ ሲመጣ እኔን ይተወኛል።
ከዚያ ማልቀስ ተውኩ።
«ይሄ ልጅ ሰው አያስቸግርም» ብለው ለጎረቤት ሲያወሩ
ደስ አለኝ፤ ደረቴ ሰፋ፤
ይኸው ሠላሳ አራት ዓመቴ፣
ማንንም ሳላስቸግር፣ ለማንም ሳልገኝ፣ ስጠፋ።

ስትቀርበኝ አየር ያጥረኛል፤
ስትርቅ ደግሞ፣ ለሷ አልነገርኳትም፣
አንድ ነገር ከጎኔ በታች ያመኛል።
ስንጣላ ድምጿ ይጨምራል፤
የኔ ይቀንሳል።
የኔ ሲቀንስ የሷ ይብሳል።
ታንኳኳለች።
ውስጥ አይደለሁም ያለሁት፤
በሩን ሆኛለሁ።

ሐምሌ ውስጥ አንድ ቀን ስልኬን አጥፍቼ
ቦዬ ሄድኩ፣ ውሃው ዳር፣ ጃንጥላ ረስቼ።
ጉማሬው አፍንጫውን ብቻ ብቅ አድርጎ
ተነፈሰ፤ ተመልሶ ሰጠመ።
ወንድሜን ያገኘሁ መሰለኝ።
እስኪመሽ ቆየን፤ እሱም እኔም በአፍንጫችን።

ስመለስ ከሱቄ ደጃፍ፣
እግሩ ባልተጨረሰ በርጩማ ላይ፣ ግድግዳ ተደግፋ፣
የሞላውን አዌቱን ተሻግራ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣
ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ጭቃ፣
ፈይሩዛ።

ትጮሃለች ብዬ ስጠብቅ
«አትሂድ አላልኩህም» አለች። «ሂድ።
የምትመለስበትን ሰዓት ብቻ ንገረኝ።
ሰዓት ከነገርከኝ
ብስኩቱን ይዤ መቆየት እችላለሁ።»

እስከዚያ ቀን ስለ ብስኩቱ ነግራኝ አታውቅም ነበር።

አሁን እናገራለሁ፤ አፌ እየተጎተተ፣
እንደ ባዕድ ቋንቋ፤ «ዘጠኝ ሰዓት።»
አንዳንዴ ዘጠኝ ተኩል ይሆናል።
ትቆጣለች። እቆማለሁ። በር አልሆንም።
ሁልጊዜ አይደለም።

ትናንት እስከ ስድስት ሰዓት አልደወለችም።
መላጊያውን አስቀመጥኩ። ሰጋቱራውን ከስልኩ ላይ እፍ አልኩ።
መስታወቱ ጥቁር ነው። ደግሜ እፍ አልኩ።
ከዚያ ጣቴ፣ ሳላዘው፣ ደወለ፤
«ደረስሽ?»

«ቤት ነኝ እኮ!» አለች፣ «የት ልድረስ?»
ሳቋ መሃል ዝም አለች።
«ደርሻለሁ» አለች።